በጋላባት ገበያ የተቀበልኩት ልጅ

ይህን እንድናገር ያደረሰኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ብዙ መናገር አልችልበትም፤ የሆነውን ብቻ እናገራለሁ።

ጣሊያን መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን የምኖረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ትንሽ መንደር ነበር። ባሌ ከጭልጋ ደጋ አምጥቶኝ፣ ማሽላና ሰሊጥ የምንዘራበትን መሬት መንጥሮ፣ ብዙ ሳይቆይ ንዳድ ወሰደው። የቀረልኝ አስረስ ነው። አንድ ልጄ።

በእኛ ዘንድ ዳዊት የደገመ ልጅ ተማረ ይባላል፤ ብዙው እዚያ ላይ ያቆማል። አስረስ ግን ዳዊቱን ጨርሶ፣ ዜማውን ቀምሶ፣ ቅኔ ቤት ገባ። መምህሩ የኔታ ጦርነቱ ከጎጃም አፈናቅሎ ያመጣቸው ሽማግሌ ነበሩ። በመንደራችን ማርያም ቅጥር ጥግ፣ ግራር ሥር ተቀምጠው ያስተምራሉ። ከጎጃም ተከትሏቸው የመጣ ላቀው የሚባል ተማሪም ነበር፤ እናትም አባትም የሌለው፣ ቁመቱ እንደ ማሽላ አገዳ የዘለገ፣ ዝምተኛ ልጅ። ከአስረስ ጋር አንድ ደበሎ ላይ ይተኛሉ።

የቅኔ ተማሪ የሚኖረው ቁራሽ ለምኖ ነው። በዚያ ዓመት ማሽላው እምብዛም አላፈራም፤ ያፈራውንም የጣሊያን ወታደር ለበቅሎዎቹ ወሰደው። ተማሪዎቹ በየደጁ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ፣ ከውስጥ «እግዜር ይስጣችሁ» የሚል መልስ በዛ። አንዱ ወደ መንገድ ሥራ ሄደ። ሌላው ለባንዳ ገባ። ግራሩ ሥር የሚቀመጠው ሰው እያነሰ መጣ። አስረስ ከእኔ ቤት የሚበላው አያጣም ነበር፤ ግን ግማሹን ጠቅልሎ እየወሰደ ለላቀውና ለየኔታ ያካፍል ጀመር። እኔም እያየሁ አልከለከልኩትም፤ ደስ ብሎኛልና።

በጥር ወር አንድ ማለዳ የኔታ ዘንጋቸውን ይዘው ደጄ መጡ። እሳቸው ወደ ሰው ቤት አይመጡም ነበር።

«አንቺ ልጄ፣ አስረስ እዚህ አድሯል?»

«ከአንቱ ዘንድ አይደለም እንዴ፣ የኔታ?»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ትናንት ፈቃድ ጠየቀኝ። እስከ ሰኔ ጥጥ ለቅሜ፣ ለክረምቱ የምንበላውን እህል ይዤ ልምጣ አለኝ። እምቢ አልኩት። ዛሬ ቅኔ ሊነግሩኝ አልመጡም፤ እሱም ላቀውም።»

«ከማን ጋር ነው የሄዱት?»

«ዑስማን ከሚሉት፣ ለሱዳን ጥጥ እርሻ ሠራተኛ ከሚሰበስብ ወኪል ጋር። ሰውየው በአፉ ሰኔ ብሎ ተማምሎልናል ይለኛል። አስረስ በማርያም ምሏል።» ዘንጋቸውን አጋደሙ። «የቀሩኝ እነሱ ሁለቱ ነበሩ። ከእንግዲህ ለግራሩ ነው የማስተምረው።»

አለቀስኩ አልልም። ሰኔ ሩቅ አይደለም ብዬ አሰብኩ። የማለ ልጅ መሐላውን አፍርሶ ከሚመለስ፣ ሠርቶ ቢመለስ ይሻለዋል አልኩ። ያለኝን ቋንጣና ድርቆሽ ጠቀለልኩ። ልመልሰው አልነበረም የተነሣሁት፤ ስንቅ ላደርስለት ነበር።

መተማ ገበያ ሐዋ የምትባል ወዳጅ ነበረችኝ። የጎንደር እስላም ናት፤ ጨውና ሽቶ ትሸጣለች፣ ወዲያ ወዲህ እየተሻገረች ትነግዳለች፣ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ስንቁን በሷ እጅ ልልክ ፈለግኩ።

«ምን አንጠልጥለሽ ነው፣ ጥሩ?» አለችኝ፤ ጥሩ ስሜ ነው።

«ስንቅ ነው። አስረስ ከወኪሉ ከዑስማን ጋር ለጥጥ ለቀማ ሊሻገር ነው። አድርሽልኝ።»

«ጥጥ? ያ ደብተራሽ? ጥጡን በግዕዝ ሊያናግረው ነው?»

«እስከ ሰኔ ብቻ ነው።»

«ማነው ሰኔ ያለ?»

«ሰውየው ራሱ። በአፉ ሰኔ ብሎ ተማማሉ።»

ጨው የምትመዝንበት እጇ ቆመ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«ጥሩ፣ ዑስማን አማርኛ አያውቅም። ወር የሚቆጥረው በሸዕባንና በረመዳን ነው። ሰኔን ከየት አመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሰነ ነው ያለው፣ አንቺ። ሰነ። በነሱ አፍ ዓመት ማለት ነው።»

ከአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲያወጣ የሚውል ልጅ፣ ይቺን ቃል ሳያወጣት ቀረ። እሱ ወሩን ሰማ፤ ሰውየው ዓመቱን ተናገረ። ሁለቱም አልዋሹም።

ከገዳሪፍ ወዲያ ዓመት የሚከርም ልጅ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቃለን። ወይ ንዳድ ይይዘዋል፣ ወይ ሌላ ወኪል ይቀበለዋል፣ ወይ ቤት ይሠራል። ወደ ትምህርቱ የተመለሰ አላየንም። የኔታም ዓመት የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም።

«ሎሪው መቼ ነው የሚነሣው?» አልኳት።

«ከዙሁር ሶላት በኋላ።» ወደ ሰማይ አየች። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራት። ሐዋ ጨውዋን በጆንያ ሸፈነችና ነጠላዋን አጣፋች። «ነይ። ቆመሽ አትዪኝ።»

መተማንና በሱዳን በኩል ያለችውን ጋላባትን የሚለያቸው አንድ ደረቅ ወንዝ ነው። በዚያ ጊዜ በወዲህ ማዶ የጣሊያን ኬላ ነበር። ጠብመንጃ የያዘ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ አስቆመን፤ ኤርትራዊ ነው፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለ።

«ወዴት?»

«ገበያ፣ ጌታው» አለች ሐዋ፤ የማለፊያ ወረቀቷን አሳየች።

«እሷስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አልቻልኩበትም። «ልጄን ልመልስ» አልኩ።

«ወረቀት አላት?»

«የላትም» አለች ሐዋ።

«ስንት ልጅ ነው የምትመልሺ?»

«አንድ።»

ማተቤን አየ። ወደ ኋላው ዞር ብሎ አለቃው አለመኖሩን አረጋገጠ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሺ። ካልተመለስሽ ይቺን ነው የማስረው።»

«እኔን አስረህ ልትጎዳ ነው?» አለች ሐዋ። «ብዙ እበላለሁ።»

አልሳቀም። አለፍን። እኔ በልቤ ድንግልን እለምናለሁ፤ ሐዋ ባፏ ዑስማንን ትሰድባለች። አሸዋው ያቃጥል ነበር።

ሎሪው አልሄደም። ጋላባት ገበያ ዳር ቆሟል፤ ሾፌሩ ከሥሩ ተኝቶ አንድ ነገር ይመታል። ሰዎቹ በዛፍ ጥላ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ የእኛ አገር ሰው ይበዛል። አስረስን መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ዑስማን የሰጠውን ነጭ ጀላቢያ ለብሷል። ላቀው አጠገቡ ነው፤ የሱ ጀላቢያ ከጉልበቱ በታች አልደረሰም።

«እማ» አለ አስረስ፤ ተነሣ። «ለምን መጣሽ?»

«ልመልስህ።»

«ምያለሁ እኮ።»

«በምን ቃል ነው የማልከው?»

«በሰኔ።»

ሐዋ ጣልቃ ገባች። «ያ ሰውዬ ሰኔ የሚባል ወር አይቶ አያውቅም፣ የኔ ሊቅ። ዓመት ነው የማልክለት።»

አስረስ ወደ ላቀው ዞረ። ላቀው አንገቱን ደፋ። ከተደረደሩት አንዱ ተነሥቶ «ምን ትላለች? እኔም ሰኔ ነው ያልኩት» አለ። ከወዲያ ማዶ ሌላውም ተነሣ። አንድ ሸምገል ያለ ሰው ግን እንደተቀመጠ፣ «ሰኔም ሆነ ዓመት፣ ረሃብ ወር አይቆጥርም። ተቀመጡ» አላቸው።

ዑስማን ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። ረጅም፣ ጥምጥሙ ንጹሕ፣ መቁጠሪያ በእጁ የያዘ ሰው ነው። ክፉ ፊት አልነበረውም። ሐዋ በዐረብኛ ታናግረው ገባች፤ እሱ የሚለውን ለእኔ ትመልስልኛለች።

«ሰነ አልኩት፣ ሰነ አለኝ፣ እጁን ሰጠኝ፣ አብረን በላን ይላል። እኔ ምን አጠፋሁ ይላል።»

«አላጠፉም በይው» አልኳት። «ልጁም አላጠፋም። ጆሯቸው ነው የተሳሳተው።»

«እውነት ነው ይላል። ግን ሁሉም ጆሮዬ ተሳሳተ ብሎ ቢነሣ፣ ባዶ ሎሪ ይዤ ልሂድ ወይ ይላል።»

ሾፌሩ ከሎሪው ሥር ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«እናቱ እኔ ነኝ» አልኩ። «አልፈቀድኩም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሐዋ ይህን ስትነግረው መቁጠሪያውን የሚቆጥረው ጣቱ ቆመ። ወደ አስረስ አየ፤ ወደ እኔ አየ። ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ትልልቆቹ በሰጡኝ እጅ ይሄዳሉ ይላል። ግን እናት የከለከለችውን ልጅ አልጭንም ይላል። የእናት እርግማን ከሎሪው በላይ ይከብዳል ይላል። ውሰጂው።»

ተመስገን አልኩ። የአስረስን እጅ ያዝኩ። አስረስ ግን አልተነቃነቀም።

«እማ፣ ላቀውስ?»

ላቀው ቀና አለ። «ኸዚህ ሂድ አንተ። የኔን ነገር ተወው።»

«እምቢ ያለውን ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እማ። እሱን ሸኝቼ በየትኛው ዓይኔ የኔታን አያለሁ? እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።»

ዑስማን ነገሩን ተረዳ። በጣቱ ወደ ላቀው አመለከተና ጠየቀ። ሐዋ ወደ እኔ ሳትዞር አፏን ከፍታ ልትመልስለት ስትል፣ ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ።

«የእሱም እናት ናት ወይ ነው ያለው?» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ጥሩ።»

«አይደለሁም» አልኩ፤ እጄንም አወዛወዝኩ።

ዑስማን ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሐዋ አየችኝ። «አፍሽን ብትዘጊው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!»

በሐሰት እናት ነኝ ብዬ፣ እናት በመሆኔ የተለቀቀልኝን ልጅ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ሾፌሩ መዘወሪያውን ከሎሪው አፍንጫ ውስጥ ከትቶ አዞረ። ሞተሩ አጓርቶ ጠፋ። ሰዎቹ ወደ ሎሪው መውጣት ጀመሩ። ላቀውም ስልቻውን አነሣ።

ከዛፉ ወዲህ አንድ ሰው ማር በቅል አቅርቦ ይሸጥ ነበር። ዓይኔ እዚያ ላይ ዐረፈ።

በአገራችን ያልወለዱትን ልጅ ማድረግ እንዳለ ታውቃላችሁ። የጡት ልጅ ይባላል። ሴቲቱ አውራ ጣቷን ማር ታስነካለች፤ ልጁ ይጠባል፤ ምስክር ይቆማል። ከዚያ በኋላ ልጅ ነው፤ ከወለደችው አይለይም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው በሽማግሌ ፊት ነው፤ በግ ታርዶ፣ በደህና ቀን። እንደዚያ ባለ ቦታ ሲደረግ ሰምቼ አላውቅም።

ስንቁን ለማር ሻጩ አስረከብኩ። አውራ ጣቴን ቅሉ ውስጥ ነከርኩና ላቀው ፊት ቆምኩ።

«ጥባ» አልኩት።

ወደ ኋላ ሸሸ። «እመይቴ፣ ተዉኝ። በቁራሽ ያኖሩኝ ይበቃል። ሸክም አልሆንብዎም።»

«ጥባ።»

ዑስማን አንድ ነገር አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ። «ተንኮል ነው ይላል» አለች ሐዋ። «አሁን ዓይኔ እያየ እናት ሆነች ወይ ይላል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ ቆጣ ብላ ተናገረች፤ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እናንተስ ዘንድ የሌላ ጡት የጠባ ልጅ አይሆንም ወይ ብላው ነው። እሱም፣ በሕፃንነቱ ነው፣ ደግሞም ወተት ነው፣ ማር አይደለም ብሎ መለሰላት።

ሞተሩ እንደገና አጓራ፤ በዚህ ጊዜ አልጠፋም።

«ንገሪው» አልኳት ለሐዋ። «ይህ ልጅ ቢታመም አስታምመዋለሁ። ቢሞት እቀብረዋለሁ፤ ብሞት ይቀብረኛል። ያለኝን መሬት ከወለድኩት ጋር እኩል ይካፈላል። ለተንኮል ይህን ያህል የሚከፍል ሰው አይተዋል ወይ በይው።»

ዑስማን ይህን ሲሰማ ፈገግታው ጠፋ። እኔን ትቶ ወደ አስረስ ሄደ። በጣቱ ደረቱን ነካው።

«መሬትህን ይካፈላል፣ ትፈቅዳለህ ወይ ነው የሚልህ» አለች ሐዋ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

ልጄን አየሁት። ያለን ያች አባቱ የመነጠራት መሬት ብቻ ናት። ምን እንደሚል አላወቅኩም። እኔ ልናገርለት አልችልም ነበር።

«እስከ ዛሬስ ምን ሳንካፈል ቀረን?» አለ አስረስ። «ይካፈል።»

ዑስማን መቁጠሪያውን ሰበሰበ። ነጋዴ ነው፤ መሬት ሲካፈሉ ቀልድ እንደሌለ ያውቃል። ለላቀው በአገጩ ወደ እኔ ጣት አመለከተው።

ላቀው ግን አሁንም ቆሟል። ማሩ በእጄ አንጓ ላይ ይወርዳል። ዝንብ መጣ። አላባረርኩትም። ሎሪው ላይ ያሉት ሁሉ ወደ ታች ያዩናል። ልጁ ጎንበስ ማለት ነበረበት፤ ከእኔ በጣም ይረዝማልና። ጎንበስ አለ። ጣቴን በአፉ ሲይዝ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፈነ።

«ምስክር ነኝ» አለች ሐዋ። ማር ሻጩም በዐረብኛ አንድ ነገር አለ።

ከሎሪው ላይ፣ ቅድም «እኔም ሰኔ ነው ያልኩት» ያለው ሰው ጮክ ብሎ፣ «እኔንስ ማን ማር ያልሰኝ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ያ ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ስሙን አላውቀውም፣ በጸሎቴ ግን አነሣዋለሁ።

ልጆቹ ጀላቢያቸውን አውልቀው፣ አጥፈው መለሱ። ሎሪው ሄደ።

ኬላው ስንደርስ ፀሐይ ጋራው ላይ ነበረች። አስካሪው አራት ሆነን ሲያየን ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «አንድ አልነበር ያልሽው?»

«ስሄድ አንድ ነበር» አልኩ።

እንደዚያ ባለ ሰዓት ጎልማሳ ልጅ ኬላ ላይ ከተያዘ ለመንገድ ሥራ ይወሰድ ነበር። ሐዋ ቶሎ ብላ ነገሩን ዘረዘረችለት፤ ጀላቢያውን፣ ሰኔውን፣ ማሩን። አስካሪው ላቀውን ከእግር እስከ ራሱ ለካው። ከዚያ መንገዱን ለቀቀና አራስ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «እግዜር ያሳድግልሽ» አለኝ።

ሐዋ እስከ ገበያው ድረስ ስትስቅ ነው የሄደችው። እኔ ደግሞ አሜን አልኩ። ምኑ ያስቃል?

የኔታ ሲያዩዋቸው በዘንጋቸው ወደ ግራሩ ሥር አመለከቷቸው። የመሐላውን ነገር ስጠይቃቸው፣ «በሰኔ የማለ በሰነ አይያዝም» አሉ። ለአስረስም፣ «ሰሙን ይዘህ ወርቁን የጣልክ ተማሪ፣ ነገ በዚህች ቃል ቅኔ ቆጥረህ ና» ብለው ቅጣት ሰጡት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም አደረ፤ ላቀው ያግዘው ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ጠገብን አልልም። ምግቡ አልበዛም፤ አፉ ነው የጨመረው። የተለወጠው ሌላ ነው። በወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበራችን ሲሰበሰብ የሆነውን ነገርኳቸው። አንዷ፣ «ማር ከቤትሽ ተርፏል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ በየደጁ የሚለምን ተማሪ እየቀነሰ፣ በየቤቱ ልጅ የሚባል ተማሪ እየበዛ መጣ። ለመንገድ ሥራ ከሄዱት አንዳንዶቹ ይህን ሰምተው ተመለሱ። ልጅ ከትምህርት ሲወጣ ሰነፈ አትበሉ። ማታ የሚጠብቀው ሰው እንዳለው ጠይቁ። ለማኝ ቢቀር የሚፈልገው የለም፤ ልጅ ቢቀር ግን እናት ጋላባት ድረስ ትሄዳለች።

የእንግሊዝና የጣሊያን ጦርነት በጋላባት ሲነሣ፣ አውሮፕላኑ ሲያጓራብን፣ ጉባኤው ወደ ጫካ ገባ እንጂ አልተበተነም። የኔታ በዚያው ዐረፉ። የቀበሯቸው ያስተማሯቸው ናቸው። አስረስ ቅኔውን ጨርሶ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። መምህር የሆነው ላቀው ነው። መሬቱን ተካፍለዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ሲጣሉበት አልሰማሁም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ላቀው ከጉባኤ ቤቱ መጣ። ከኋላው አንድ ከሲታ ተማሪ ቆሟል፤ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

«እናቴ» አለኝ ላቀው። «ይህ ልጅ ትምህርቱን ሊተው ነው። ኸጠዋት ጀምሬ ስመክረው አልሰማ አለኝ። አንቺ ምከሪው።»

«በልቷል?» አልኩት።

ላቀው ዞር ብሎ ልጁን አየው። ገበታውን አወረድኩ። ምክሩን ኋላ እንደርስበታለን ብዬ ልጁን አጠገቤ አስቀመጥኩት።